ሐረግ ሲሥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ብራናዎች ራስጌ ላይ ያለው የተጠላለፈ ሐረግ እንደ ተክል የተንዠረገገ ቢመስልም፣ ሥሩ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለውን ጌጥ ለመሣል የሚነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት እጃቸው ስላልለመደ ሳይሆን ቆጠራውን ስለሚዘሉ ነው።

መጀመሪያ ካሬዎቹን ይቁጠሩ። ካሬ በተሰመረበት ደብተር ላይ 3 በ4 የሆነ ሜዳ ይከልሉ። ከአንዱ የዳር ካሬ ጎን መካከል ተነሥተው በ45 ዲግሪ ይሂዱ፤ ጠርዝ በነኩ ቁጥር እንደ ኳስ ነጥረው በ45 ዲግሪ ወደ ውስጥ ይመለሱ። አንድ ነጠላ ክር ሜዳውን ሁሉ አዳርሶ ወደ ተነሣበት ይገባል። 4 በ6 ካደረጉት ሁለት ክር ይወጣል፤ 3 በ3 ደግሞ ሦስት። በትምህርት ቤት የተማርነው ትልቁ የጋራ አካፋይ እዚህ ላይ የክሩን ብዛት ይወስናል። ሳይቆጥር የጀመረ ሰው ክሩ መሐል ላይ ሲዘጋበት መስመር የሳተ ይመስለውና የደከመበትን ይደመስሳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ግማሹን አሳምሮ ሠርቶ ሌላውን ግማሽ እንደ መስታወት መገልበጥ ነው። ሐረግ ሕይወት የሚያገኘው ክሩ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር እያለ ሲሄድ ነው። ወረቀቱን አጥፈው በመስኮት ብርሃን ሲገለብጡት ወደ ቀኝ ያዘነበለው ክር ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ከላይ ማለፍ የነበረበት ከሥር ይሆናል። መጋጠሚያው ላይ ሲደርሱ ከላይ የመጣው ክር ደግሞ ከላይ ያልፋል። ከሩቅ አይታወቅም፤ ጣትዎን በክሩ ላይ ሲያስኬዱ ግን ወዲያው ይያዛል። ግማሹን አይገልብጡት፤ 180 ዲግሪ ያዙሩት። ያኔ ተራው ሳይዛነፍ ይገጥማል።

ሁለት «ከላይ» ተከታትለው ካገኙም እዚያችው ላይ ላጲስ አያንሡ። በአንድ ነጥብ ላይ ሁለት ክር ብቻ እስከተገናኘ ድረስ፣ ሐረጉ የቱንም ያህል ቢወሳሰብ ተራው ራሱን ይጠብቃል። ከተበላሸ ወደ ኋላ የዘለሉት መገናኛ አለ፣ ወይም ሦስት ክር በአንድ ነጥብ አልፏል። ክሩን ይዘው ወደ ኋላ ይሂዱ።

የክር ውፍረትም ያታልላል። ካሬው 1 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጎን ለጎን በሚሄዱ ክሮች መካከል ያለው ርቀትም 1 ሴንቲ ሜትር ይመስላል፤ በሰያፍ ስለሚሄዱ ግን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ክሩን 5 ሚሊ ሜትር ካደረጉት 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተርፋል። 7 ካደረጉት ጥልፍልፉ ይጠፋና የድንጋይ ንጣፍ ይመስላል።

ወርቃማ ምጥጥን የሚባለውን 1.618ን በየቦታው ለማስገባት መድከም አያስፈልግም፤ ይህ ጌጥ የሚቆመው በሙሉ ቁጥር ነው።

ቀለሙን በመጨረሻ ይቀቡ። በ4 በ6 ሜዳ አንዱን ክር ቀይ፣ ሌላውን ቢጫ አድርገው ዳራውን ባዶ ቢተዉት፣ በእርሳስ ሳሉ አንድ የሚመስሉት ሁለት ክሮች ለየብቻ ሲዞሩ ያያሉ።