ለማስተማር ልምምድ ልዩ ፍላጎት ክፍል ለምትገቡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ ለማስተማር ልምምድ ወደ ክፍሌ የሚላኩ ወጣቶች አሉ። አብዛኞቹ ልበ ቅን ናቸው፤ የሚሳሳቱትም በችኮላ ነው።

ልጁ የሚችለውን መሥራት

ከሁሉ የሚብሰው ይሄ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት አንድ ተማሪያችን የጫማውን ክር ለማሰር ይታገል ነበር። ተለማማጇ አንጀቷ አልችል አላትና ተንበርክካ አሰረችለት። ክሩን አጠላልፎ እንዲስብ ብቻ ሦስት ሳምንት ለፍተን ነበር። በማግስቱ ልጁ ገና እንዳያት እግሩን ዘረጋላት። እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ከዚያ በቃል አስታውሱት፤ ካልሆነለት እናንተ ሠርታችሁ አሳዩት። እጁን ይዞ ማሠራት የመጨረሻው ነው።

ዓይነ ስውሩን ተማሪ በዓይናማው ፍጥነት መለካት

«ሰላም» በፊደል 3 ሆሄ ናት። ነጥቦቹ በጣት እየተዳሰሱ በሚነበቡት በአማርኛ ብሬል ግን ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ 5 ቦታ ትይዛለች። በስሌት (ወረቀቱን በሚይዘው ባለ ቀዳዳ ገበታ) እና በስታይለስ (ነጥቡን በሚወጋው ሹል መሣሪያ) የሚጽፍ ልጅ ደግሞ ወረቀቱን ከጀርባው፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ነው የሚጽፈው፤ የጻፈውን ለማንበብ አውጥቶ መገልበጥ አለበት። ስለዚህ «ገና አልጨረስክም?» አትበሉት፤ ጊዜ ጨምሩለት። ሰሌዳ ላይ የምትጽፉትንም ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። «ይሄ ከዚያ ሲቀነስ» ለእሱ ምንም አይነግረውም፤ «8 ከ15 ሲቀነስ» በሉ።

ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ማውራት

መስማት የተሳነው ልጅ ተማሪያችሁ ነው፤ ስትናገሩ እሱን እዩት። ፊታችሁን ወደ ሰሌዳ አዙራችሁ አታስረዱ። የአማርኛው የእጅ ፊደል የተነባቢውን ቅርጽ በጣት ይዞ ሰባቱን ድምፆች በእንቅስቃሴ ይለያል። ቢያንስ የራሳችሁንና የልጆቹን ስም ሳትለማመዱ አትግቡ።

የተናጠል የትምህርት ዕቅዱን ሳያነቡ ማስተማር

ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚዘጋጀው ይህ ዕቅድ መዝገብ ቤት የሚቀመጥ ወረቀት አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁና አንብቡት። እናንተም ግብ ስትጽፉ «መቁጠር ያሻሽላል» ብላችሁ አትለፉ። «10 ቆርኪ ያለ እርዳታ ቆጥሮ ሣጥን ውስጥ ይከታል» ብትሉ ግን እኔም፣ እናቱም፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውም መምህር መድረስ አለመድረሱን በዓይናችን እናያለን።

በር ላይ ለወላጅ ምርመራ መናገር

«ልጅዎ ኦቲዝም ያለበት ይመስለኛል» የተለማማጅ ቃል አይደለም። ያያችሁትን ለክፍሉ መምህር ንገሩ። እናቲቱ ስሞታ ሰልችቷታል፤ ዛሬ ልጇ የቻለውን አንድ ነገር ንገሯት። የልጆቹን ፎቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍም ፈጽሞ አይታሰብ።

ሳይነግሩ መሄድ

ልምምዱ ሲያልቅ ብዙዎች ድንገት ይቀራሉ። ለእናንተ ልምምዱ የማስረጃ ወረቀት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የለመደው ነገር ሲለወጥበት የሚጨነቅ ልጅ ግን ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ሲጠብቅ የማየው እኔ ነኝ፤ አንዱ ልጅ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ከርሟል። ሁለት ሳምንት ሲቀራችሁ ቀኖቹን ወረቀት ላይ ሣሉለትና በየቀኑ ከመውጣታችሁ በፊት አንዱን አብራችሁ ሰርዙ። የመጨረሻዋን እሱ ራሱ ይሰርዛት።