ሲሊከን አኖድ ላይ ኤፍ.ኢ.ሲ. ስትጨምሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎበዝ ተማሪ ግራፍ ይዞ መጣ። የሊቲየም ባትሪው የሲሊከን አኖድ (አሉታዊው ጫፍ) 140 ዙር ያህል እየተሞላና እየተራገፈ ቀጥ ብሎ ሄዷል። ከዚያ ገደል ገባ። በ10 ዙር ውስጥ አቅሙ ተሟጠጠ። «የሲሊከን ዱቄቱ ነው የተበላሸው» አለኝ። ዱቄቱ ምንም አልሆነም። ያለቀው ፍሎሮኢቲሊን ካርቦኔቱ ነው፤ በአጭሩ ኤፍ.ኢ.ሲ. የምንለው፣ በኤሌክትሮላይቱ (ሊቲየሙን በሚያመላልሰው የባትሪው ፈሳሽ) ላይ የሚጨመር አዲቲቭ። ይህን ግራፍ ብዙ ጊዜ ስላየሁት ልጻፈው አልኩ።

የመጀመሪያው ስህተት አዲቲቩን አንዴ ተቀብቶ እንደሚቀር ቀለም ማሰብ ነው። የተለመደው አኖድ ግራፋይት ሊቲየም ሲገባበት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ያብጣል። ላዩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ስለዚህ ይዞ ይቆያል። ሲሊከን ግን ሲሞላ ይዘቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፣ ሲወጣለት ይኮማተራል። ሽፋኑ በየዙሩ ይሰነጠቃል። ኤፍ.ኢ.ሲ. ከሌሎቹ የኤሌክትሮላይቱ ፈሳሾች ቀድሞ ተሰባብሮ ስንጥቁን ይደፍናል፤ በደፈነ ቁጥርም ያልቃል። የጭቃ ቤት አስቡ። በየዓመቱ ይለሰናል፣ ጭቃ እስካለ ድረስ ቤቱ ይቆማል። ኤፍ.ኢ.ሲ. ሲያልቅ ሥራው ለተለመደው የኤሌክትሮላይት ፈሳሽ፣ ለኢቲሊን ካርቦኔት ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ለሲሊከን ጥሩ ለሳኝ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የኤሌክትሮላይቱን መጠን አለመለካት ነው። «10 በመቶ ኤፍ.ኢ.ሲ. ጨምሬያለሁ» ይሉኛል። የስንቱ 10 በመቶ? ሰው በጠብታ እየገመተ ይጨምራል፣ ሴሉ እስኪፈስ ይሞላዋል፣ ከዚያ ስለ «ዕድሜ» ይጽፋል! እስቲ አብረን እናስላ። 100 ማይክሮሊትር ኤሌክትሮላይት ወደ 120 ሚሊግራም ይመዝናል። ሴላችሁ 3 ሚሊአምፒር አወር ቢይዝ፣ ለአንድ አምፒር አወር 40 ግራም ሰጣችሁት ማለት ነው። ለገበያ የሚሠራ ሴል የሚያገኘው 2 ወይም 3 ግራም ገደማ ነው። ከአሥር እጥፍ በላይ ስንቅ አሸክማችሁ መንገዱን ተወጣው ትላላችሁ። ይህ የአዲቲቩን ጥሩነት አያሳይም። እባካችሁ በፒፔት ለኩ። ቁጥሩንም ጻፉ፤ በማይክሮሊትርም፣ በግራም ለአምፒር አወርም።

አኖዱን በንጹሕ ሊቲየም ብረት (ሜታል) ፊት ለፊት ብቻ መፈተንም ያሳስታል። ብረቱ የጠፋውን ሊቲየም ሁሉ ይተካል፤ ስለዚህ ብክነቱ አይታይም። በየዙሩ የሚመለሰው 99.5 በመቶ ነው እንበል። ጥሩ ይመስላል። ሊቲየሙ ከካቶድ (ከአዎንታዊው ጫፍ) ብቻ በሚመጣበት ሙሉ ሴል ግን ከ100 ዙር በኋላ የሚቀረው 61 በመቶ ገደማ ነው። ቢያንስ ጥቂት ሴሎችን ከእውነተኛ ካቶድ ጋር ሥሩ።

መቶኛው በክብደት ይሁን በይዘት ግለጹ። ኤፍ.ኢ.ሲ. ከሌሎቹ ፈሳሾች ከበድ ይላል።

ከፍሪጅ ያወጣችሁት የኤፍ.ኢ.ሲ. ጠርሙስ ረግቶ ካገኛችሁት አትደንግጡ፣ ከ20 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋል። ግን ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ አትቅዱ።

«ትንሹ ከጠቀመ ብዙው የበለጠ ይጠቅማል» ብላችሁ ደግሞ አትንደርደሩ። ኤፍ.ኢ.ሲ. በሙቀት ጊዜ ኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ካለው የሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት ጨው ጋር አይስማማም፤ ይፈርሳል፣ ጋዝና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያመጣል። ከረጢት ሴል ከሆነ ሲነፋ ታዩታላችሁ።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ ሦስት ወር አባክኛለሁ። ኤፍ.ኢ.ሲ.ን ከሌላ አዲቲቭ፣ ከቪኒሊን ካርቦኔት ጋር ሳወዳድር አንዱን ከአዲስ ጠርሙስ፣ ሌላውን ከቆየ ጠርሙስ ቀዳሁ። የቆየው እርጥበት ስቦ ነበር። ውሃ ከዚያ ጨው ጋር ሲገናኝ ያው አሲድ ይፈጠራል፣ የሲሊከኑን ኦክሳይድ ይበላል። ያወዳደርኩት ጠርሙሶቹን እንጂ አዲቲቮቹን አልነበረም። ለሁሉም ሴል መነሻው ኤሌክትሮላይት ከአንድ ጠርሙስ፣ በአንድ ቀን ይቀዳ።

ገደሉ ሲመጣ ምክንያቱን ለማወቅ መጀመሪያ ቮልቴጁን እዩ። በቻርጅና በዲስቻርጅ መካከል ያለው ክፍተት አብሮ እየሰፋ ከሆነ ኤፍ.ኢ.ሲ.ን ጠርጥሩ። ከዚያ መጠኑን እየለዋወጣችሁ ፈትኑ። ያ ተማሪ አሁን በዚያው ዱቄት 20፣ 40 እና 80 ማይክሮሊትር ኤሌክትሮላይት የያዙ ሴሎች እያዞረ ነው። ጥፋቱ የዱቄቱ ከሆነ ሦስቱም በተቀራረበ ዙር ይወድቃሉ። የኤፍ.ኢ.ሲ. ከሆነ ግን 20ው ቀድሞ፣ 80ው መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ትናንት ማታ 20ው ወደቀ፤ ሌሎቹ ገና እየሄዱ ነው።