ሚያዛኪ ስትሄዱ እንዳትሳሳቱ

ጃፓን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቶኪዮና ኪዮቶ ነው። በክዩሹ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ያለችው ሚያዛኪ ክፍለ ሀገር ግን ሌላ ናት። ዘንባባ የተሰለፈበት የባሕር ዳር መንገድ፣ ተራራ ውስጥ የተሸሸጉ መንደሮች፣ ከሰል ላይ የሚጠበስ ዶሮ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ የጃፓን ሙሽሮች ለጫጉላ ይጎርፉባት ነበር። ዛሬ ረጋ ብላለች፤ ለእኔ ይሄ ነው ደግሞ ውበቷ። ተዘጋጅቶ ያልሄደ ግን ይጉላላል።

ትልቁ ስህተት ርቀቱን መናቅ ነው። ካርታ ላይ ሁሉም ነገር ጎረቤት ይመስላል። ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ግን ሚያዛኪ ከተማ አይደርስም። ወደ ዝነኛው የታካቺሆ ሸለቆ ደግሞ መደበኛ ባቡር ጭራሽ የለም፤ የነበረውን መስመር እ.ኤ.አ. በ2005 አውሎ ነፋስና ጎርፍ አፍርሶታል። ታካቺሆ በሰሜን ተራራ ላይ ነው፣ ባሕር ዳር ዋሻ ውስጥ የተሠራው የኡዶ ቤተ መቅደስ በደቡብ። ሁለቱን በአንድ ቀን አያለሁ ያለ ሰው የሚያየው አስፋልት ነው። ለየአቅጣጫው ቢያንስ አንድ አንድ አዳር መድቡ። ካልሆነ አንዱን ተዉት።

መኪና መከራየት ይሻላል፤ አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። የሚነዳው በግራ መሆኑን አትርሱ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዳችሁ እ.ኤ.አ. በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የወጣ መሆን አለበት። ጀርመንና ፈረንሳይ የምትኖሩ ግን የአገሩን መንጃ ፈቃድ ከይፋዊ የጃፓንኛ ትርጉም ጋር ነው የምትይዙት። መኪና አከራዩ በር ላይ ደርሶ ይሄን መስማት ያናድዳል።

ሌላው፣ «ፀሐያማ» ስለተባለች ዣንጥላ ሳይዙ መሄድ። ፀሐይዋ እውነት ነው። ዝናቧም እንደዚያው፤ በዓመት የሚዘንብባት ከአዲስ አበባ እጥፍ ያህል ነው። ከሰኔ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ክረምቷ ነው፣ ነሐሴና መስከረም ደግሞ የአውሎ ነፋስ ወቅት። ወንዙ ከሞላ በታካቺሆ ሸለቆ የሚከራየው የመቅዘፊያ ጀልባ ይቆማል። ደህና ቀንም ቢሆን ቀድሞ በኢንተርኔት ያልያዘ ሰው ላያገኝ ይችላል። ባታገኙም አይቆጫችሁ። በእግር መንገዱ ላይ ሆናችሁ 17 ሜትር የሚወርደውን የማናይ ፏፏቴ፣ ከአሶ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተረፈውን እንደ ምሰሶ የቆመ ድንጋይ ጭምር በነፃ ታያላችሁ።

እኔን ብትጠይቁኝ ኅዳር ላይ ሂዱ። ምክንያቱ ዮካጉራ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት የታካቺሆ መንደሮች ተራ በተራ ሌሊቱን ሙሉ ለአማልክት ይጨፍራሉ፤ 33 ጭፈራ ነው። የፀሐይዋ አምላክ አማተራሱ ተቆጥታ ዋሻ ስትገባና ዓለም ሲጨልም፣ ሌሎቹ አማልክት በጭፈራ እንዴት እንዳስወጧት ይተርካል። እንግዳ ይገባል። ስህተቱ እንደ ትያትር ቤት ማየቱ ነው። የሚጨፈረው ብዙ ጊዜ ሰው ቤት ነው፤ ባዶ እጅ አይኬድም፣ የአካባቢውን አረቄ ሾቹን ወይም ትንሽ ገንዘብ ይዞ ነው። ፍላሽ አታብሩ፣ ከጨፋሪዎቹ ፊት አትቁሙ። ሌሊቱን አልችልም ለሚል፣ በታካቺሆ ቤተ መቅደስ ማታ ማታ 2 ሰዓት ላይ አራቱን መርጠው ለአንድ ሰዓት ያህል ያሳያሉ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ በከሰል የተጠበሰው ዶሮ ጥቁር ሆኖ ሲቀርብ «አሳረሩት» ብላችሁ አትመልሱ። ስቡ ከሰሉ ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጭስ ነው ያጠቆረው፤ ጣዕሙም እዚያ ነው ያለው። ቺክን ናንባንም አይለፋችሁ፤ የተጠበሰ ዶሮ ጣፋጭ ኮምጣጤ ውስጥ ተነክሮ፣ ታርታር ሶስ ፈሶበት። ጥሬ ዶሮ የሚያቀርቡም አሉ። እኔ ክትፎ ወዳድ ነኝ፣ ግን ዶሮን በጥሬው አልደፍርም፤ ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያ አለበት። ዓሣ የማትበሉ ጿሚዎች ደግሞ አትክልት ብቻ የሚመስል ሾርባ አያታልላችሁ፤ መረቁ ብዙ ጊዜ የዓሣ ነው።

ማንጎውን ከወቅቱ ውጪ አትፈልጉ። የሚደርሰው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ገደማ ነው። «የፀሐይ እንቁላል» የሚሉት ምርጡ ቢያንስ 350 ግራም መመዘን አለበት፣ ዛፉ ላይ በስሎ ራሱ መረብ ውስጥ እስኪወድቅም ይጠበቃል። ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት ቁጭ በሉ።

የገጠር ምግብ ቤት ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ሊዘጋ ይችላል፣ ካርድ የማይቀበልም ብዙ ነው። የጃፓኑን ገንዘብ፣ የንን፣ በጥሬው ያዙ።