የጤና መምሪያ የምርምር ስትራቴጂ አነዳደፍ፦ ከጎንደር አካባቢ ሁኔታ በመነሣት

በጎንደር ዙሪያ ላሉ ወረዳዎች ኃላፊነት ያለበት የጤና መምሪያ የምርምር ስትራቴጂ ሲነድፍ በቅድሚያ መዘርዘር ያለበት የጥናት ርእሶችን ሳይሆን በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት መወሰን ያለበትን ጉዳዮች ነው። «የወባ ስርጭት በደምቢያ» የሚለው ርእስ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሊበቃ ይችላል፤ ለመምሪያው የሚጠቅመው ግን አጎበር የታደለው ቤተሰብ ለምን ከአጎበሩ ውጭ እንደሚያድር ማወቅ ነው፤ ገንዘቡ ለተጨማሪ አጎበር ይዋል ወይስ ለሌላ መከላከያ የሚለው በመልሱ ይወሰናልና። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ውሳኔውን ማን፣ መቼ እንደሚሰጥና በመልሱ ምን እንደሚለወጥ ይጻፍ፤ የመጨረሻው ባዶ ከቀረ ጥያቄው ይሰረዝ።

ቀጥሎ በእጅ ያለው መረጃ ይፈተሽ። የጤና ጣቢያ መዝገቦች፣ በዲ ኤች አይ ኤስ ቱ (በጤና ተቋማት የኤሌክትሮኒክ መረጃ ሥርዓት) የሚላኩ ሪፖርቶች፣ እንዲሁም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 በዳባት ያቋቋመው የልደት፣ የሞትና የፍልሰት መከታተያ ጣቢያ ብዙ ጥያቄ ያለ አዲስ ጥናት ሊመልሱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የጤና ጣቢያ መዝገብ የሚቆጥረው የመጣውን ሰው ብቻ ነው፤ ስለ መጣውም ሰው ቢሆን ሊያሳስት ይችላል። በአሸዋ ዝንብ ንድፊያ የሚተላለፈው ካላዛር የተባለው በሽታ ለዚህ ማሳያ ነው፦ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ቆላማው መተማ የወረደ የደጋ ሰው በአሸዋ ዝንብ ተነድፎ የሚታመመው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ ወደ ቀዬው ከተመለሰ ወዲህ በመሆኑ፣ መዝገቡ የመኖሪያ ወረዳውን ብቻ ከያዘ በሽታው ደጋ ላይ የተነሣ ይመስላል። «ያለፈውን ክረምትና መኸር የት ሠሩ?» የሚል አንድ ዓምድ መጨመር፣ በእኔ ግምት፣ ከአንድ ውድ የዳሰሳ ጥናት ይበልጣል።

ብዙ ስትራቴጂ የሚሰናከለው በጊዜ አያያዝ ነው። የወባ ዋና ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ የጥናቱ ንድፍ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱና የመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና ክረምቱ ሳይወጣ መጠናቀቅ ይኖርበታል። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በሰኔ የቀረበ ግኝት የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው ለዚያ ዓመት ዕቅድ አይደርስም፤ መጋቢት የማስረከቢያ ወር ሆኖ ይወሰን።

እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ለማሠልጠን የተቋቋመው ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እዚያው ከተማው ውስጥ ስለሚገኝ፣ መምሪያው ጥያቄዎቹን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ርእስ ከመምረጣቸው በፊት ቢያደርስ በራሱ በጀት የማይደፍረውን ሥራ ለማሠራት ይችላል። የታካሚን ማንነት የማይገልጠው ጥሬ መረጃ ለመምሪያውም እንደሚሰጥ ግን በስምምነቱ ላይ በግልጽ ይስፈር፤ ያለዚያ እጁ የሚገባው የተጠረዘ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ግኝቱም ከአንድ ገጽ ባልበለጠ አማርኛ ለየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከመጽደቁ በፊት ይላክ፤ ሰው ከአጎበሩ ውጭ የሚያድርበት ምክንያት በትክክል ተለይቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ቤት ለቤት የሚዞሩት እነርሱ ያውቃሉ።