ከሩት ካናል በኋላ መግል ሲመለስ፦ ፍሳሹ ከየት ነው?

በሩት ካናል (በጥርስ ሥር ውስጥ ያለው ቦይ፣ ማለትም ካናሉ፣ ጸድቶ በሚሞላበት ሕክምና) የታከመው ጥርስ ድድ ላይ ብጉር መሰል እብጠት ወጥቶ መግል ሲያፈስ፣ ጥፋቱ ቶሎ የሚጣለው ሲለሩ፣ ማለትም ካናሉ ሲሞላ ክፍተቱን የሚዘጋው ማሸጊያ፣ ላይ ነው። ሲለር ከመቀየር በፊት ግን ከጥርሱ አናት ጀምሮ ወደ ታች መፈተሽ ይገባል።

ጊዜያዊው ሙሌት ተሰንጥቋል ወይም ወልቋል

ባህር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ታክሞ ወደ ገጠር የተመለሰ ሰው አጨዳና ውቂያ ከያዘው በቀጠሮው አይደርስም፤ ለሳምንት የተሠራው ሙሌት ሁለት ወር ይከርማል። ጋታ ፐርቻ (ካናሉ የሚሞላበት ጎማ መሰል ዘንግ) ለምራቅ ከተጋለጠ፣ ሲለሩ ምንም ይሁን ምን፣ ባክቴሪያ በሳምንታት ውስጥ እስከ ሥሩ ጫፍ ሊወርድ ይችላል።

ጊዜያዊው ሙሌት ከ3.5 ሚሊ ሜትር መሳሳት የለበትም። ከስሩ የሚቀመጠው ጥጥ ትንሽ ይሁን፤ ግድግዳው ላይ ተጣብቃ የቀረች አንዲት የጥጥ ክር፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ ምራቁን ስባ ታስገባለች። ከሩቅ ለመጣ ሰው ቀጠሮን አይመኑ፦ ካናሉን በሞሉበት ዕለት የካናሉን አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል በግላስ አዮኖመር (ከጥርስ ጋር የሚጣበቅ የሙሌት ሲሚንቶ) ዘግተው ከላይም በዚያው ይሙሉት። ሦስት ወር ያህል ተከፍቶ የከረመ ካናል ህመም ባይኖረውም፣ ከቋሚው ሙሌት በፊት ጸድቶ እንደገና ቢሞላ ይመረጣል።

ራጁ ላይ በጋታ ፐርቻውና በግድግዳው መካከል ጥቁር መስመር አለ

ጋታ ፐርቻ ከጥርስ ጋር አይጣበቅም። ዋናው ጋታ ፐርቻ በሙሉ ርዝመቱ ገብቶ መልሰው ሲስቡት ያዝ ካላደረገ፣ ጫፉን በጥቂቱ ቆርጠው ወይም ቁጥሩን ከፍ አድርገው ይሞክሩ። ሰፊ ክፍተትን በሲለር ብዛት መሸፈን አይቻልም። ልኩ ከተስተካከለ፣ ፋይሉ (ካናሉን የሚሞርደው መሣሪያ) ግድግዳው ላይ የለቀለቀውን ደቃቅ በ17 በመቶ ኢዲቲኤ (ደቃቁን የሚያነሳ ፈሳሽ) ለ1 ደቂቃ ያጥቡት።

ሲለሩ አልያዘም ወይም ሟሟ

ዚንክ ኦክሳይድ ዩጂኖል ሲለር ርካሽ ነው፣ ሲያስፈልግም በቀላሉ ይወጣል፤ ነገር ግን ፈሳሽ ካገኘው ቀስ በቀስ ይሟሟልና ስስ ሆኖ ይቀባ። እርጥበት መጠጠሩን ያፈጥነዋል፦ በክረምት ክዳኑ ክፍት የቀረ ዱቄት ገና ማዋሃጃው መስታወት ላይ ሳለ ይጠጥርብዎታል። ጠርሙሱን ወዲያው ይክደኑ፣ በትንሽ በትንሹ ያዋህዱ። የዩጂኖል ቅሪት ኮምፖዚትን (የጥርስ ቀለም ያለውን ሙሌት) በደንብ እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ ጉድጓዱን በአልኮል ይወልውሉ።

ኢፖክሲ ሬዚን ሲለር እምብዛም አይሟሟም፣ የሚፈልገው ደረቅ ካናል ነው። የፔፐር ፖይንቱ (ካናሉ የሚደርቅበት የወረቀት ዘንግ) ጫፍ ርሶ ወይም ቀልቶ ከወጣ አይሙሉ፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ (ካናል ውስጥ ለጊዜው የሚቀመጥ መድኃኒት) አድርገው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። የበረኪና ቅሪትም ሲለሩ ጥርሱን የሚይዝበትን ኃይል ያደክማል፤ ስለዚህ የመጨረሻው እጥበት በንጹሕ ውሃ ወይም በሳላይን (የጨው ውሃ) ይሁን።

ባዮሴራሚክ ሲለር ተቃራኒው ነው። የሚጠነክረው ከጥርሱ በሚያገኘው እርጥበት ስለሆነ፣ በአልኮል የደረቀ ካናል ያበላሸዋል። ከጠነከረ በኋላ ለማውጣት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑንም አይርሱ።

በተነቀለ ጥርስ ላይ በሜቲሊን ብሉ (ሰማያዊ ቀለም) የሚደረገው የሲለሮች የፍሳሽ ንጽጽር ለምርጫ አያስተማምንም፤ ክፍተቱ ውስጥ የታመቀ አየር ቀለሙን ሊያግደው ይችላል። የጆርናል ኦፍ ኢንዶዶንቲክስ (የሩት ካናል ሕክምና የምርምር መጽሔት) አዘጋጆችም እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲህ ያሉ ንጽጽሮችን እንደማይቀበሉ አስታውቀዋል።

ሁሉም ደህና ነው፣ ህመሙ ግን አለ

የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ከሆነ ያልተገኘ አራተኛ ካናል ይፈልጉ። መለኪያው ድዱ ዙሪያ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር እየገባ አንድ ቦታ ላይ ብቻ 8 ከሰመጠ ሥሩ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ የተሰነጠቀን ሥር የትኛውም ሲለር አያድነውም።