ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ቦዩ ይቅደም

ጅማ አካባቢ ከሰል ማውጫ ላይ የሠራሁበትን የመጀመሪያ ክረምት አልረሳውም። አሠሪዎቻችን ከሰሉ ጋ ለመድረስ ቸኩለው ነበር። እኔም ፎርማኑ አብሬ ቸኮልኩ። ቦይ ሳንቆፍር ለሙን አፈር ገፍተን ዳገቱ ጫፍ ላይ ከመርነው። ሰኔ ላይ አንድ ሌሊት ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ስንደርስ ከታች ያሉትን አዛውንት የቡና ችግኝ መደብ ጭቃ ውጦታል። አባባ አልጮሁም። ጎንበስ ብለው ችግኞቹን አንድ በአንድ ከጭቃው ያወጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ የምጀምረው ከውሃው ነው።

እስቲ አስሉት። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ይዘንብባታል። አንድ ሄክታር ላይ 10 ሚሊሜትር ብቻ ቢዘንብ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ ስድስት ጊዜ ይሞላል። የተራቆተ መሬት ደግሞ ብዙውን አይጠጣውም፣ ቁልቁል ይለቀዋል።

ስለዚህ በጥርና በየካቲት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ ከጉድጓዱ በላይ ያለውን ዳገት በእግራችሁ ዙሩ። ውሃ ከየት እንደሚመጣ የአካባቢው ሰው ያውቃል፣ ጠይቁ። ከዚያ ከላይ የሚመጣውን ንጹሕ ውሃ አቋርጦ ወደ ተፈጥሮ ወንዙ የሚመልስ ቦይ ቁፈሩ። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር ከ50 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ይሁን። ሲባጎና ውሃ ልክ ይበቃችኋል። የተቆፈረውን አፈር ከቦዩ በታች በኩል ከምሩት። ውሃው ከሰል ሳይነካ ካለፈ የማጣራት ድካሙ ግማሹ ቀረላችሁ።

ለም አፈሩን ለመግፈፍ አስቀድማችሁ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ እዩ። ጠቆር ያለው፣ ሥር የበዛበት ክፍል ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ነው። ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ለብቻው ይቀመጥ። ተደባለቁ ማለት ለሙን አጣችሁት ማለት ነው። እፍኝ ጨብጡት፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ያን ቀን አትንኩት። ክምሩ ከ2 ሜትር አይብለጥ። ከፍ ካለ ውስጡ አየር ያጣል፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ሕይወት ይሞታል። ቶሎ ሣር ዝሩበት፣ መኪና አይውጣበት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይከመር ሥራው ባለቀበት ቦታ ላይ ወዲያው ማልበስ ነው።

የቆሸሸው ውሃ፣ ማለትም ከጉድጓዱና ከከሰል ክምሩ የሚወጣው፣ በሌላ ቦይ ጭቃው ወደሚዘቅጥበት ደለል ኩሬ ይሂድ። መንገዱ ላይ የድንጋይ ክትር ሥሩ፤ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሸዋ በሰከንዶችና በደቂቃዎች ይዘቅጣል። ደቃቅ የሸክላ አፈር ግን አንድ ሜትር ለመውረድ ሦስት ቀን ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ኩሬው ርዝመቱ የወርዱ ሦስት እጥፍ ይሁን፣ መግቢያና መውጫው ይራራቁ፣ ከተቻለ ሁለት ኩሬ ተከታትሎ ይሠራ። መሃሉ ላይ ቀለም የተቀባ እንጨት ትከሉ፤ ደለሉ ግማሹን ሲይዝ ጥረጉ። የወጣውን ደለል ወንዝ ዳር አትድፉት፣ ከሰሉ ወዳለቀበት ጉድጓድ መልሱት። መውጫው በድንጋይ ካልተነጠፈ ጎርፉ ራሱ ይገነድሰዋል።

ውሃው ብርቱካናማ ዝገት ከተወ ከሰሉ ውስጥ ያለው ድኝ አሲድ እየሠራ ነው። የውሃን አሲድነት በቀለም በሚያሳየው የፒኤች ወረቀት ለኩ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ከ6 በታች ከሆነ በኖራ ሳይስተካከል አትልቀቁት።

ለቦይ ዳር ቬቲቨር ሣር እመክራለሁ። ሥሩ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፣ እዚሁ ቡና ማሳ ላይም ታገኙታላችሁ። የሚተከለው ግን ዝናቡ ሲጀምር ነው።

ሲዘንብ ቢሮ አትቀመጡ። ካፖርት ደርባችሁ ቦዩን ተከተሉ፤ የት እንደሚሞላ፣ የት እንደሚሰበር የሚታየው ያኔ ነው። እኔ በየሳምንቱ ከሳይቱ በላይና በታች ካለው ወንዝ ሁለት ጠርሙስ ውሃ እቀዳለሁ። ቀን ጽፌ መስኮት ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። አባባ ሲመጡ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያዩት እነዚያን ጠርሙሶች ነው።