«መኮንን» የሚል ስም ሲያጋጥማችሁ፦ የትኛው መኮንን እንደሆነ የምትለዩበት መንገድ

የአባቴ ስም መኮንን ነው። የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አንባቢ የፈለገውን ሲያጣ የሚመጣበት ጠረጴዛ ላይ ነው። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ያነበበ ሰው ግማሹ «የራስ መኮንን ዘር ነሽ እንዴ?» ይለኛል። አይደለሁም፤ አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ስለ መኮንን የተጻፈ ነገር ፈልጊልኝ» ይልና ዝም ብሎ ይጠብቃል። የትኛው መኮንን? የአድዋው? ጠቅላይ ሚኒስትሩ? ሯጩ? ወይስ የካናዳው ዘፋኝ? ይህን የምጽፈው ለተማሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለፎቶ መግለጫ ጸሐፊና የቤተሰቡን ታሪክ ለሚያሰባስብ ሰው ነው። ምሳሌዬ መኮንን ይሁን እንጂ መንገዱ ለበቀለም፣ ለከበደም፣ ለተስፋዬም ይሠራል።

መጀመሪያ ስሙ የት ላይ እንደተቀመጠ ተመልከቱ። መኮንን የሰውየው የራሱ ስም ነው፣ የአባቱ ነው ወይስ የአያቱ? እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ በየትውልዱ ይቀየራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ደንግጎ ነበር፤ ሕጉ መጽሐፍ ውስጥ ቀረ፣ ሰዉ በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስማቸው በመኮንን ቢያልቅ የምታውቁት ነገር ቢኖር የሁለቱም አባት መኮንን መባሉን ብቻ ነው።

ስፖርቱን እዩት። አበበ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1989 የቦስተን ማራቶንን አሸነፈ። ደረሰ መኮንን እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2010 በ1500 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፀጋዬ መኮንን እ.ኤ.አ. በ2014 ዱባይ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ ገና ጎረምሳ ነበር። የውጭ ዘጋቢ ሦስቱንም «መኮንን» ብቻ እያለ ስለሚጽፍ ሳያስቡት ሲያነቧቸው አንድ ቤት ያፈራቸው ይመስላሉ። ወደ አማርኛ ስትመልሱ የመጀመሪያውን ስም መልሱለት። «መኮንን በመጨረሻው ዙር ፍጥነቱን ጨመረ» የሚል የአማርኛ ዜና ባነበብኩ ቁጥር አባትየው ሜዳ የገቡ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ሦስተኛውን ስም ፈልጉ። የአያት ስም ከተገኘ ከግማሽ በላይ ሥራችሁ አለቀ። የቀድሞው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ደመቀ መኮንን ሐሰን ናቸው፤ የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን ወልደሚካኤል ናቸው። ከደመቀ ስም ሌላም ነገር ታገኛላችሁ፦ መኮንን የክርስቲያን ብቻ፣ ወይም የመኳንንት ቤት ብቻ ስም አይደለም። በስሙ ላይ ተመሥርታችሁ ሃይማኖት ወይም አገር አትገምቱ። የአባትም የአያትም ስም ተመሳስሎ፣ የትውልድ ቦታውም አንድ ሆኖ ስታገኙት ወንድማማችነትን መጠርጠር ትችላላችሁ። መጠርጠር ነው ያልኩት፤ ለመጻፍ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል።

በተቃራኒው ደግሞ በስም ስለማይመሳሰሉ ዝምድና የላቸውም አትበሉ። ሚስት ስሟን አትቀይርም። የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዑል መኮንን፣ መስፍነ ሐረር፣ ያገቧቸው ልዕልት ሣራ ግዛው እስከ መጨረሻው ሣራ ግዛው ነበሩ። ልዑል ራስ ዕምሩ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ሌላው ጉድጓድ ናቸው፦ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የሚመስላቸው አንባቢዎች ሁልጊዜ ይመጡብኛል። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ የሚባሉ ሌላ ሰው ናቸው፤ ዕምሩ የንጉሠ ነገሥቱ የሥጋ ዘመድ ሲሆኑ፣ ያደጉት ከተፈሪ ጋር ሐረር፣ ራስ መኮንን ቤት ነው።

ስሞች ተመልሰው እንደሚመጡ ካወቃችሁ ብዙ ግራ መጋባት ይቀንስላችኋል። የልጅ ልጅን በአያት ስም መጥራት የተለመደ ነው። ራስ መኮንን ተፈሪን ወለዱ፤ ተፈሪ፣ ማለትም የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ልጃቸውን መኮንን አሉት። ስለዚህ በአንድ ቤት አያት መኮንን፣ የልጅ ልጅ መኮንን አለ። አያትየው በመጋቢት 1898 ቁልቢ ላይ አረፉ፤ የልጅ ልጅየው በግንቦት 1949 በመኪና አደጋ ሞተ። «የሐረሩ መኮንን» የሚል ጽሑፍ ብታገኙ ሁለቱም የሐረር ናቸው! አንዱ ከተማዋን ገዝተዋል፣ ሌላው በማዕረጉ መስፍነ ሐረር ነበር። መኪና፣ አውሮፕላን ወይም የምዕራብ ልብስ የሚታይበት ፎቶ ከሆነ ልዑሉ ነው፤ ካባ፣ ጋሻና የአድዋ ዘመን ሰዎች ካሉበት ራስ መኮንን ናቸው።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳስተው ግን ሌላ አባትና ልጅ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ከጣሊያን መባረር በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እስከ 1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ቆዩ። ልብ ወለድና ቴአትርም ጽፈዋል። ልጃቸው እንዳልካቸው መኮንን ደግሞ በየካቲት 1966 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እስከ ሐምሌ ቆዩ፤ «ልጅ እንዳልካቸው» ተብሎ ሲጻፍ «ልጅ» ማዕረግ ነው። አሁን አንድ የእንግሊዝኛ የታሪክ መጽሐፍ አንሡና መጨረሻው ላይ ያለውን የስም ማውጫ ክፈቱ። ብዙዎቹ የመጨረሻውን ስም አስቀድመው ነጠላ ሰረዝ ያደርጋሉ፤ ልጅየው «መኮንን፣ እንዳልካቸው» ሆነው ይሰፍራሉ። ተማሪው ወደ ማስታወሻው ሲገለብጥ ሰረዟን ይዘላታል፤ ልጅ አባት ሆኖ ቁጭ! አባትየው በበኩላቸው «እንዳልካቸው፣ መኮንን» ተብለው ገብተው ልጅየውን ሆነው ይወጣሉ። ሁለቱም ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበሩ አረፍተ ነገሩ ምንም ሳይጎረብጥ ያልፋል፤ አራሚም አይነቃበትም። አንዳንዱ ማውጫ ደግሞ የኛን አጠራር አክብሮ ስሙን እንዳለ ያሰፍረዋል፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሁለቱንም አሠራር ታገኛላችሁ።

መውጫው ይኸውና። ማውጫውን ሳታምኑ ወደ ገጹ ሂዱና ማዕረግና ዓመት ፈልጉ። «ራስ ቢትወደድ» ካለ አባት ናቸው። «ልጅ» ካለ፣ ወይም የአብዮቱ ዋዜማ ከሆነ፣ ወይም ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድን ስለመተካት የሚያወራ ከሆነ ልጅየው ናቸው። ልብ ወለድ ከተነሣ አባትየው። ዓመት ስታነጻጽሩ የየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ፤ የእኛው 1966 የእነሱ 1974 ነው፣ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው አባትየውን በልጅየው ሥልጣን ላይ ያስቀምጣል።

አክሊሉን ካነሣን አይቀር ሌላ ሚኒስትር መኮንን አለ፦ የአክሊሉ ወንድም መኮንን ሀብተወልድ። የሀገር ፍቅር ማኅበርን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው፤ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ተገደሉ። እሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበሩም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ወንድማቸው አክሊሉ ናቸው። «ሚኒስትር መኮንን» የሚል የ1940ዎቹ ወረቀት እጃችሁ ከገባ እነዚህን ሁለት መኮንኖች ሳትለዩ አንድ ቃል አትጻፉ። ሀብተወልድ አንድ ስም መሆኑንም ልብ በሉ፤ ለሁለት ከፍለው «ወልድ» የሚል የቤተሰብ ስም የሚፈጥሩ ሰነዶች አጋጥመውኛል።

ቦታዎችና ሕንጻዎች ይቀላሉ፤ ብዙዎቹ ወደ ራስ መኮንን ይመልሷችኋል። ፒያሳ አካባቢ ያለው ራስ መኮንን ድልድይ የእሳቸው ነው፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ራስ መኮንን አዳራሽም እንዲሁ። ሐረር የነበረው በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልታቸው በሰኔ 2012 ፈርሷል፤ ስለዚህ የቆየ የጉዞ መጽሐፍ «ቆሟል» ቢል በኃላፊ ጊዜ አርሙት። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግን በልጅየው፣ በራስ ተፈሪ ስም በ1917 የተከፈተ ነው። ዛሬ የሚጠራው በእንጦጦ ስም ነው፤ የድሮ ተማሪዎቹ ግን አሁንም «ተፈሪ መኮንን ነው የተማርኩት» ይላሉ። ቃለ መጠይቅ ስትጽፉ የተናገሩትን ተዉና ዛሬ የሚጠራበትን በቅንፍ ጨምሩ።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ሁለት ነገር ያስቸግራችኋል። በአማርኛ «መኮንን» ብቻ ብትጽፉ የፖሊስና የጦር መኮንን ዜና ይግተለተላል፤ ሙሉ ስሙን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። በላቲን ፊደል ደግሞ አጻጻፉ አንድ አይደለም። ከኤም ቀጥሎ ኤ ወይም ኢ ይመጣል፣ ኬው ነጠላ ወይም ድርብ ይሆናል፣ መካከል ያለው ኤንም እንዲሁ። አንዱን ብቻ ሞክራችሁ «የለም» አትበሉ፤ ሁሉንም ሞክሩ። ኬው ድርብ፣ ኤኑ ነጠላ ሲሆን ግን ፊንላንድ ትገባላችሁ፤ እዚያ የታወቀ የቤተሰብ ስም ነው። የሞባይል አጭር መልእክት አባት የሚባለው ማቲ ማኮኔን ፊንላንዳዊ ነው፤ ከሐረርም ከሸዋም ጋር የሚያገናኘው የለም።

ዘ ዊኬንድ የሚባለው ዘፋኝ ስሙን የሚጽፈው በዚሁ በፊንላንዳዊው ፊደል ነው። አቤል መኮንን ተስፋዬ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ቶሮንቶ ተወለደ። በእኛ ልማድ «አቤል መኮንን» ይባል ነበር፣ መኮንን አባቱ ናቸውና። ካናዳ ውስጥ ግን የቤተሰብ ስሙ ተስፋዬ ነው፤ መዝገብ ውስጥ የምታገኙት «ተ» ሥር ነው። ውጭ አገር የሄደ ዘመድ ስትፈልጉ ይህን አስታውሱ። አንዱ ወንድም ቅጹ ላይ የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። እስራኤል የገባ ደግሞ የራሱ ስም ወደ ዕብራይስጥ ተቀይሮ የአያቱ ስም ብቻ ሊተርፍለት ይችላል። አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች በሦስት አገር በሦስት ስም ይገኛሉ፤ ስለዚህ ፍለጋችሁን በአባትም በአያትም ስም አድርጉ።

መኮንን የሚል ስም ይዞ ኢትዮጵያዊ ያልሆነም አለ። ቲ. ራስ መኮንን የሚባለው የፓን አፍሪካ ታጋይ በብሪቲሽ ጊያና ሲወለድ ጆርጅ ቶማስ ናትናኤል ግሪፊዝ ነበር፤ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ስሙን ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1945 ማንችስተር ላይ የተደረገውን የፓን አፍሪካ ጉባኤ ካሰናዱት አንዱ ነው፤ ከተማው ውስጥ ምግብ ቤቶች ነበሩት። የእሱ «ራስ» ማዕረግ ሳይሆን የስሙ አካል ነው፤ «ራስ መኮንን በማንችስተር» የሚል ርእስ ብታዩ ስለ ሐረሩ ራስ የአውሮፓ ጉዞ አይደለም። አሜሪካዊው ራፐር አይላቭመኮንን ደግሞ መኮንን የራሱ የመጀመሪያ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስሙ ሼራን ነው። እንዲህ ያሉትን ስታገኙ ስሙ የተወረሰ ነው፣ የተሰጠ ነው ወይስ ሰውየው ራሱ የመረጠው ብላችሁ ጠይቁ። ከካሪቢያን ሰዎች መካከል ራስ ተፈሪን በማክበር ስሙን የወሰዱ አሉና።

ለይታችሁ ስትጨርሱ የቀጣዩን አንባቢ ድካም ቀንሱለት። እኔ በመዝገባችን ላይ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ከተገኘ የአያት ስም፣ ማዕረግ፣ የኖሩበት ወይም የሠሩበት ዘመን፣ ከዚያ በሁለት ቃል ማንነት። «እንዳልካቸው መኮንን፣ ልጅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር በ1966፤ የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ልጅ፤ ከአባታቸው ጋር አይምታታ።» የመጨረሻዋን ሐረግ ሰዎች ትርፍ ይሏታል፤ እኔ አልሰርዛትም። የላቲን አጻጻፎቹን ሁሉ ከሥር እደረድራለሁ።

ፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ «መኮንን» ብቻ ተጽፎ ሌላ ምንም ከሌለስ? ፎቶግራፍ ቤቱን ማኅተም ፈልጉ፣ የወረቀቱን ዓይነት እዩ፣ ፎቶውን ያመጣው ሰው የማን ዘመድ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተገኘ «መኮንን፣ ማንነቱ ያልተረጋገጠ» ብላችሁ መዝግቡት። ታዋቂ ሰው ይመስላል ብላችሁ ማዕረግ አትጨምሩለት፤ የኔ አባት ፎቶም አንድ ቀን ከአንድ አሮጌ ሳጥን ሊወጣ ይችላል።